መኪናው ገባ፣ ማሳው ሄደ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከኢንዶኔዥያ የወጣ አንድ ቪዲዮ በብዙ አገር ታየ። አዳዲስ መኪኖች በጭነት መኪና ተጭነው፣ ተሰልፈው ወደ አንዲት የገጠር መንደር ይገባሉ። መንደሯ ሱሙርገኔንግ ትባላለች። በጃቫ ደሴት ምሥራቅ፣ ቱባን በሚባል አካባቢ ያለች የገበሬ መንደር ናት። የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ የሆነው ፔርታሚና ለነዳጅ ማጣሪያ የሚሆን መሬት ከገበሬዎቹ ገዛ። ገንዘቡ ሲገባ የመንደሩ ሰው 176 መኪና ገዛ። መንዳት የማይችሉም ገዙ። ጋዜጦቹ "የቢሊየነሮች መንደር" አሏት፤ ቢሊዮኑ በአገሩ ገንዘብ፣ በሩፒያ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ወሬው ተቀየረ። በጃንዋሪ 2022 የአካባቢው ሰዎች ሰልፍ ወጡ። ቃል የተገባልን ሥራ የታለ? ነበር ጥያቄያቸው። መሬቴን በመሸጤ ተጸጽቻለሁ፣ አሁን የምበላው ከብቶቼን እየሸጥኩ ነው ብለው ለጋዜጠኞች የተናገሩ አዛውንትም ነበሩ።

ያኔ ብዙ ሰው ፈረደባቸው። "ገበሬ ገንዘብ መያዝ አያውቅም" ተባለ። ይህ አባባል ያኔም አሳዝኖኛል፣ አሁንም ያሳዝነኛል። ገበሬው ከማሳው ጋር የሸጠው አፈሩን ብቻ አይደለም። የዓመት ቀለቡን ሸጧል። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበትን ቦታ ሸጧል። በስልሳ ዓመቱ ማንም የማይቀጥረው ሰው ማሳው ላይ ግን ሥራ ነበረው። ባንክ ያለ ብር ይህን አይተካም። ብሩን በጥንቃቄ ቢይዘው እንኳ አይተካም።

ሱሙርገኔንግ ለየት ያለች ናት፤ መሬቷ በአንድ ጊዜ ሄደ። በአብዛኛው የጃቫ መንደር መሬቱ የሚያልቀው ቀስ ብሎ ነው። አባት ይሞታል፣ ማሳው ለአራት ይከፈላል። ኢንዶኔዥያውያን ከግማሽ ሄክታር በታች ያለውን ገበሬ "ጉረም" ይሉታል። ጉረም በዶሮ ላይ የምትኖር ትንሽ ተባይ ናት። በ2013 የግብርና ቆጠራ እንዲህ ያለ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ከ14 ሚሊዮን በላይ ነበር። በ2023 ወደ 17 ሚሊዮን ተጠግቷል። ከመቶ የገበሬ ቤተሰብ ስድሳው ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። አንድ ሰው ሩብ ሄክታር የሩዝ ማሳ አለው እንበል። ጥሩ ዓመት ነው፣ ውሃም አልጠፋም፣ አንድ ቶን ተኩል ያህል ያልተፈለፈለ ሩዝ አገኘ። መንግሥት በ2025 የወሰነው የመግዣ ዋጋ በኪሎ 6,500 ሩፒያ ነው። 9.75 ሚሊዮን ሩፒያ ይመጣል። ከዘር እስከ አጨዳ ወደ አራት ወር ስለሚፈጅ በወር 2.4 ሚሊዮን ገደማ ነው። የመካከለኛው ጃቫ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ በዚያው ዓመት 2.17 ሚሊዮን ነበር። ተቀራራቢ ይመስላል። ግን ገበሬው ገና ማዳበሪያ፣ ዘር፣ የትራክተር ኪራይና የአጫጅ አልከፈለም። ሲከፍል ግማሹ ገደማ ቢሄድበት አይገርምም።

ማሳው የራሱ ካልሆነ ደግሞ ከዚህም ይካፈላል። ጃቫዎች "ማሮ" የሚሉት አለ፤ የእኛ "እኩል" ማለት ነው፣ ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። "መርተሉ"ም አለ፤ ለሦስት ተከፍሎ ለአራሹ አንዱ እጅ ይደርሰዋል። እኩልና ሲሶ ያረሱ አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ማብራሪያ አይፈልጉም ነበር።

ታዲያ ባለሥልጣናቱ "ወጣቱ እርሻ ጠላ፣ ጭቃ ናቀ" ሲሉ መስማት ይከብደኛል። የትኛውን እርሻ ነው የጠላው? አባቱ ሃምሳ ዓመት ሆኖትም ማሳውን አይለቅም፤ ቢለቅም ድርሻው ቤት መሥሪያ እንጂ ማረሻ አይሆንም። መንደሩ ውስጥ መሬት ልግዛ ቢል ዋጋው በሩዝ ምርት የሚመለስ አይደለም። ገዢው የከተማ ሰው ነው፣ ወይም የጡረታ ብር ያለው የመንግሥት ሠራተኛ። ልጁ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ፋብሪካ ይፈልጋል። እናትና አባቱም "ሂድ" ይሉታል። እነሱ ያዩትን እንዲያይ አይፈልጉም።

የሴቶቹ ታሪክ ብዙም አይነገርም። ድሮ ጃቫ ውስጥ ሩዝ የሚታጨደው "አኒ-አኒ" በምትባል፣ መዳፍ ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ቢላዋ ነበር። ዘለላው አንድ በአንድ ይቆረጣል። የሩዝ እናት የሚሏት አምላክ ዴዊ ስሪ እንዳትደነግጥ ነው ይላሉ። ሩዝ ሲደርስ የመንደሩ ሴቶች ማሳ ይገባሉ፤ ያጨደች ከምርቱ ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። "ባዎን" ይባላል። መሬት የሌላትም ሴት ጦሟን አታድርም ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቁመቱ አጠር ያለ ምርጥ ዘር መጣ። ማጭድ ገባ። ባለመሬቱ ሰብሉን እንደቆመ ለነጋዴ መሸጥ ጀመረ፤ ነጋዴው የራሱን አጫጆች ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ መጣና በሙቀጫ እየወቀጠች የምታድረዋ ሴት ሥራዋን አጣች። አገሪቱ በ1984 በሩዝ ራሷን ቻለች ተብላ ተወደሰች። ትልቅ ስኬት ነው፣ ረሀብ ቀንሷል፤ ይህን አልክድም። ግን ድርሻዋን ያጣችውን ሴት በምን እንተካላት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የእነዚያ ሴቶች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ በቤት ሠራተኝነት ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋንና ሳዑዲ ናቸው። ሪያድና ጅዳ ውስጥ ከእኛ እህቶች ጋር በአንድ ቤት፣ በአንድ ማድቤት የሠሩ አሉ። ኢትዮጵያ በ2013፣ ኢንዶኔዥያ በ2015 ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገር መሄድን አገዱ። ሴቶቹ ግን በደላላ መሄዳቸውን አላቆሙም። ሴቶች በብዛት ወደሚሰደዱባቸው ወደ ኢንድራማዩ ወይም ምሥራቅ ሎምቦክ ብትሄዱ በሴራሚክ ያጌጠ አዲስ ቤት ታያላችሁ። ውስጡ አያትና ልጅ ናቸው። ወሎ ውስጥም ይህን የምታውቁ ብዙ ናችሁ።

መንግሥት ገጠሩን ረስቶታል ማለት አይቻልም። በ2014 የመንደር ሕግ ወጣ፣ ከ2015 ጀምሮ ገንዘብ በቀጥታ ወደ መንደር ይላካል። ከ2020 እስከ 2025 በዓመት ወደ 70 ትሪሊዮን ሩፒያ ነበር፤ ለ75 ሺህ ገደማ መንደሮች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ አንድ ቢሊዮን ይጠጋ ነበር። መንገድ ተሠርቷል፣ ቦይ ተቆፍሯል፣ የመንደር በር በሲሚንቶ ቆሟል። መንገድ ጥሩ ነው። ነፍሰ ጡር በዝናብ ጊዜ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። የመሬቱን ጥያቄ ግን አይነካም። በ1960 የወጣ ሕግ እያንዳንዱ የገበሬ ቤተሰብ ቢያንስ 2 ሄክታር እንዲኖረው መንግሥት ይጥራል ይል ነበር። ኮሚኒስት የተባሉ ሰዎች ካለቁበት ከ1965ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ስለ መሬት ክፍፍል መናገር በራሱ ኮሚኒስት የሚያሰኝ፣ ነፍስ የሚያስከፍል ነገር ሆነ። ያ ፍርሃት ሙሉ በሙሉ የለቀቃቸው አይመስለኝም።

በጣም በሚጠበው ጃቫ ውስጥ ሁለት ሄክታር ለሁሉም አይደርስም፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን ብዙ መንደር የጋራ መሬት አለው። ከፊሉን የመንደሩ ሹም በደመወዝ ፈንታ ያርሰዋል፤ "ቤንግኮክ" ይሉታል፣ ከእኛ የድሮ ማደሪያ መሬት ጋር ይመሳሰላል። ሌላው ብዙ ጊዜ በጨረታ ይከራያል። ጨረታ ደግሞ ብር ላለው ነው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ። ተራው መጀመሪያ መሬት ለሌላቸው የመንደሩ ወጣቶች፣ ለሴቶቹም ጭምር፣ ይሁን። ውሉ ቢያንስ አምስት ዓመት ይሁን፤ በአንድ ዓመት ውል አፈሩን የሚንከባከብ የለም። ከመንደሩ በጀት የተወሰነው ለሩዝ ማድረቂያና ለመውቂያ ማሽን ይዋል፣ ሰብሉን እንደቆመ ለነጋዴ እንዳይሸጡ። ኪራዩም የሚከፈለው ከአጨዳ በኋላ ይሁን። ያኔ ልጁ የመጀመሪያውን ክፍያ ለማግኘት ሆንግ ኮንግ ላለችው እናቱ አይደውልም።