ለ«ሳይንስ አረጋገጠ!» ወንድሞቻችን የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን ደግሞ ሚስማሩ ተገኝቷል። እናንተም ጋ ደርሷል መቼም፣ ያልደረሰው ካለ የቤተሰብ ግሩፕ የሌለው ዕድለኛ ብቻ ነው። አንድ የዛገ ሚስማር አለ፣ ሚስማሩን የከበበ ቀይ ክብ አለ፣ ክቡን የሚያሳይ ቀይ ቀስት አለ (ክቡ ላልታየን ታስቦ ነው)፣ ጥግ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ፈረንጅ አፉን በእጁ ይዞ ቆሟል፣ ከላይ ደግሞ በትልቁ «ሳይንቲስቶች በእንባ ተራጩ! ጌታ የተቸነከረበት ሚስማር ተገኘ!»

እኔ ዛሬ ለወቀሳ አልመጣሁም። ላመሰግን ነው። እነዚህ ልጆች ባይኖሩ አርኪዮሎጂ የሚባለው ነገር ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ባለሙያዎቹ እኮ አንዲት ጉድጓድ ውስጥ ዓመታት ይከርማሉ፣ አፈር በብሩሽ ይጠርጋሉ፣ የጠረጉትን ደግሞ በወንፊት ይነፋሉ፣ ከዛ ሁሉ ልፋት በኋላ የሚጽፉት «ምናልባት»፣ «ሊሆን ይችላል»፣ «ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል»። ምን አይነት ወኔ ማጣት ነው? የኛዎቹ ግን አካፋ ሳይነኩ ከአልጋም ሳይወርዱ በአንድ ሌሊት የኖኅን መርከብ፣ የፈርዖንን ሰረገላና የረጃጅሞቹን አጽም አግኝተው፣ ሳይንስ አስፈርመው፣ ጠዋት ላይ ቡና ይጠጣሉ።

የሚስማሩ ቪዲዮ ግን ለብቻው መመስገን አለበት፣ ምክንያቱም እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ነጎድጓድ። ቀጥሎ ከበሮ። ከዛ ያ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ «ዛሬ ዓለም ጉድ ይላል» አለ። እሺ ይበል። «ወደ ሚስማሩ ከመግባታችን በፊት ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ቤተሰቦች።» እሺ። ቀጥሎ ስለ ሮም መንግሥት አመሠራረት ሰፊ ትንታኔ፣ ከኋላ ከሆነ ፊልም የተቆረጡ ፈረሰኞች ይጋልባሉ፣ አንዱ ፈረሰኛ ሦስቴ ሞተ። «ወደ ሚስማሩ ከመግባታችን በፊት» ስለ ብረት አቀላለጥ። «ወደ ሚስማሩ ከመግባታችን በፊት» የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ። «ወደ ሚስማሩ ከመግባታችን በፊት ይሄን ምስጢር ማን እንደደበቀው እንይ»፣ ፈረንጅ ነዋ የደበቀው፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው፣ ፈረንጅ ቆፍሮ፣ ፈረንጅ ፎቶ አንስቶ፣ ፈረንጅ በጆርናል አሳትሞ፣ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት አስቀምጦ ነው የደበቀብን። በመጨረሻ ሚስማሩ ለሁለት ሰከንድ ብልጭ አለና ያው ፈረሰኛ ለአራተኛ ጊዜ ሞተ።

የሚገርመው ፎቶው የውሸት አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ሰሜን ምሥራቅ፣ ጊቭዓት ሃሚቭታር በሚባል ሰፈር ቤት ሊሠራ ሲቆፈር የድሮ መቃብሮች ወጡ። ከአንዱ መቃብር የድንጋይ የአጥንት ሣጥን ተገኘ፣ ሣጥኑ ውስጥ የተረከዝ አጥንት፣ አጥንቱን ወግቶ ያለፈ 11.5 ሴንቲ ሜትር የብረት ሚስማር። የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ነው። እውነተኛ የተሰቀለ ሰው። ቪዲዮው እስከዚህ ድረስ ልክ ነው ማለት ይቻላል፣ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ረስቷል፣ ሣጥኑ ላይ የሰውየው ስም ተጽፏል። ዮሐናን ይላል። በግልጽ፣ በዕብራይስጥ ፊደል። የኛ ሰው ለዚህም መላ አላጣም፣ ፎቶውን ከሚስማሩ ጫፍ ላይ ቆረጠውና ስሙ ከነሣጥኑ ጠፋ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ቆፋሪዎቹም አያደርጉም።

አሁን ግን የምር ባርኔጣዬን የማነሳለት ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ፣ ተረጋጋና አስበው። ሚስማሩ ያለው አጥንት ውስጥ ነው። አጥንቱ ያለው ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ያለው መቃብር ውስጥ ነው። ሚስማሩ የጌታ ነው ካልክ አጥንቱስ የማን ሆነ? ሁለት ሺህ ዓመት መናፍቃን ተሰብስበው ያልደፈሩትን አንተ በከበሮ አጅበህ፣ «ለማያምኑ ሁሉ አድርሱ» ብለህ ለቀቅከው፣ ትንሣኤን እኮ ነው ያፈረስከው! ከሥር ደግሞ እናቶቻችን «አሜን»፣ «አሜን»፣ «ክብር ለስሙ»፣ አንዷ ስምንት አበባ ደርድራለች። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ቆይ ግን አጥንት?» አላለም። የጾም ወቅት ስለነበር ይሆናል።

ያ አጥንት የሚናገረው ነገር እኮ ለቪዲዮው የሚበቃ ነበር። ሮማውያን በሺህ የሚቆጠር ሰው ሰቅለዋል፣ ሚስማር ከነአጥንቱ ተያይዞ የተገኘው ግን በጣት በሚቆጠር ቦታ ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ፌንስታንተን በምትባል መንደር የወጣው አጽም አንዱ ነው። ዮሐናንን ያቆየልን የሚስማሩ ጫፍ መጣመሙ ነው፣ እንጨቱ ውስጥ ካለ ቋጠሮ ጋ ሳይጋጭ አልቀረም፣ ሊነቅሉት ሲሞክሩ እምቢ አለ፣ እንዳለ ተቀበረ። በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ወጣት ነበር። ደግሞ ብዙ ምሁራን የተሰቀለ ሰው ሬሳ ለአሞራ ይጣላል እንጂ ለዘመድ አይሰጥም ይሉ ነበር፣ ይሄ ልጅ ግን ሬሳው ለቤተሰቡ ተሰጥቷል፣ ሥጋው ሲያልቅ አጥንቱን ለቅመው ስሙን ጽፈው አኑረውታል። የአርማትያሱ ዮሴፍ ሬሳውን ለምኖ ወስዶ ቀበረ የሚለውን ስታነቡ ነገሩ የማይሆን እንዳልነበረ ያሳያል። ያሳያል ነው ያልኩት፣ ያረጋግጣል አላልኩም፣ በዚህ ቃል ደግሞ ሰብስክራይበር አይመጣም።

ወዲያ ማዶ ያሉትንም ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይላቸዋል። እነሱ ደግሞ ማኪያቶ ይዘው «አርኪዮሎጂ ኢየሱስ እንዳልነበረ አረጋግጧል» የሚሉት ናቸው። ማስረጃ? «ምንም አልተገኘማ!» አያችሁ እውቀት። ከገሊላ ገጠር የወጣ የአናጢ ልጅ በስሙ ሐውልት አላቆመም፣ ሳንቲም አላስቀረጸም፣ ስለዚህ የለም። ጲላጦስስ? ሙሉ የሮም ገዥ፣ ከ26 እስከ 36 እ.ኤ.አ. ገደማ ይሁዳን ያስተዳደረ፣ ጦርና ግምጃ ቤት ያለው ሰውዬ፣ ስሙ በድንጋይ ተቀርጾ የተገኘው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም የጣሊያን ቡድን ቂሳርያ ላይ የድሮውን ቲያትር ቤት ሲቆፍር ድንጋዩ የደረጃ መርገጫ ሆኖ። በ1960 ማኪያቶ ሲጠጡ ቢሆን ኖሮ ጲላጦስንም ሰርዘውት ነበር ማለት ነው። ገዥው በመከራ አንድ ደረጃ ከተረፈለት አናጢው ምን ሊተርፍለት ኖሯል?

ሁለቱም ወገን ግን እኩል የሚያንቀላፉበት ነገር አለ። ሶርያ፣ ኤፍራጥስ ወንዝ ዳር፣ ዱራ ዩሮፖስ የምትባል የሮም ጦር ከተማ ነበረች። ፋርሶች በ256 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲከቧት ወታደሮቹ የከተማዋን አጥር ለማጠናከር አጥሩ ሥር ያሉትን ቤቶች በአፈር ሞሏቸው። አፈር የተሞላው አንዱ ቤት ቤተክርስቲያን ነበር፣ ዝም ብሎ የመኖሪያ ቤት፣ አንድ ግድግዳ አፍርሰው ሳሎን አስፍተው፣ አንዷን ክፍል መጠመቂያ አድርገው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲቆፈር ግድግዳው ላይ ሥዕሎች ወጡ፣ አልጋውን ተሸክሞ የሚሄደው ሽባ፣ በባሕር ላይ የሚራመዱት። ቆስጠንጢኖስ ገና ሳይወለድ! ካቴድራል የለ፣ ጉልላት የለ፣ ሰው ቤት ተሰብስበው ነው የሚጸልዩት።

ይሄ ቦታ አሁን ምን ይመስላል መሰላችሁ? የሶርያ ጦርነት ሲጀመር ሌቦች ገቡበት፣ ከሳተላይት ሲታይ ከተማው በጉድጓድ ተበሳስቷል። ማን ገዝቶት? «ተገኘ! ተገኘ!» ሲባል ልቡ የሚዘለው ገበያ ነዋ። ያልተቆፈረ ወለል እንደ ድንች እየተገለበጠ፣ የቱ ከየት እንደወጣ ማንም በማያውቅበት ሁኔታ በሻንጣ ድንበር ተሻገረ፣ አንድም መጽሐፍ ሳይጻፍለት፣ አንድ ጊዜ ከጠፋ ጠፋ ነው፣ ማንም አይመልሰውም። እዚህ ጋ ቀልዱ አልመጣልኝም። ሌባ ሌባ ነው፣ ለሌባ የሚያጨበጭብም ያው ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን። የኛንም ሀገር አልነኩብንም፣ ለዚህ ልዩ ምስጋና። የሐ አካባቢ ቤተ ሰማቲ ላይ የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተክርስቲያን መሠረት ተቆፍሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ መስቀልና ግእዝ የተቀረጸበት ትንሽዬ ጥቁር ድንጋይ ሳይቀር። የንጉሥ ኢዛና ሳንቲም ላይ የድሮው አምልኮ ምልክት ጨረቃው ወጥቶ መስቀል ሲገባ በዓይናችን ማየት እንችላለን። ግን ማንም አላለቀሰም፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ የለም፣ ምን ይደረግ።

ለቻናሉ ባለቤት አንድ ስጦታ አለኝ፣ ለሚቀጥለው ሥራ በነፃ ውሰደው። በ2005 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ መጊዶ ላይ አንድ እስር ቤት ሊሰፋ ሲቆፈር፣ ቆፋሪዎቹም ራሳቸው እስረኞች ናቸው፣ የሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጸሎት ቤት ወለል ወጣ። ሞዛይክ ነው፣ መሃሉ ላይ ዓሣ አለበት። ወለሉን በራሱ ገንዘብ ያሠራው ጋያኖስ የሚባል የሮም የመቶ አለቃ ነው፣ «ወንድማችን» ብለው ጽፈውታል። አቄፕቱስ የምትባል ሴት ደግሞ ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ መታሰቢያ ብላ ጠረጴዛውን ሰጥታለች፣ እሱም ተጽፏል። እስር ቤት፣ ወታደር፣ ሴት፣ ዓሣ፣ ከዚህ በላይ ምን ድራማ ትፈልጋለህ? ፈረሰኛውንም ከፈለግክ አምስተኛ ጊዜ ግደለው፣ የጦር ሰው አለበት ተብሏል። ብቻ እባክህን ጽሑፉን አትቁረጠው፣ ከበሮውንም ቀነስ አድርገው፣ እትዬ ስልኩን እስከ ላይ ከፍተው ነው የሚያዩት።