«እንደውልልሻለን»

ሰው ሥራ እንዴት እንዳገኘ ሲያወራ መስማት አቅቶኛል። አንዱ «ጓደኛዬ ደወለልኝ፣ ሄጄ አሥር ደቂቃ አወራን፣ ሰኞ ጀመርኩ» ይላል። ሌላዋን ጭራሽ ሲቪ እንኳ አልጠየቋትም። ደስ ይበላቸው፣ ከልቤ ነው። እኔ ግን ለአንድ ቦታ አራት ዙር ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ የሰው ኃይል፣ ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ፣ በመጨረሻ ደግሞ ሲቪዬን ገልጠው ያላዩ አምስት ሰዎች። «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለውን በየዙሩ መለስኩ። ቤት ወስደሽ ሥሪ ያሉኝንም ሁለት ሌሊት አድሬበት አስረከብኩ። «እንደውልልሻለን» አሉኝ። ይኸው ወራት አለፉ። አሁንም ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

የሚያንገበግበኝ አለማለፌ አይደለም። ዝምታው ነው። «አላለፍሽም» የምትል አንድ መስመር መላክ ይህን ያህል ይከብዳል?

ደግሞ «ችግሩ አንቺ ጋ ይሆናል» የሚሉኝ አሉ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ከጠየቃቸው ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሥራቸውን ያገኙት በሚያውቁት ሰው በኩል ነበር። ያኔም እንዲህ ነበር እንግዲህ! ታዲያ ሰው የሌለው ምን ያድርግ?

ቀጣሪዎች፣ ሰውየውን አስቀድማችሁ ከመረጣችሁ እባካችሁ እኛን ለይስሙላ አትጥሩን። ለእያንዳንዷ ኢንተርቪው ከሥራ ፈቃድ ለምነን፣ እንቅልፍ አጥተን ነው የምንመጣው።