የአያቴ ውጅግራ ሽቦ

አሜሪካ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ። ደሴ ፒያሳ አብረን ነው ያደግነው። እዚያ ሄዶ ያመጣው አመል የቆዩ የአደን ጠመንጃዎችን መሰብሰብ ነው። ፋብሪካ በገፍ ያወጣቸውን አይደለም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ባለሙያ ተቀምጦ ለአንድ ደንበኛ የሠራቸውን ነው። ሰደፉ በሰውየው ትከሻና በክንዱ ርዝመት ይለካል፤ ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደምንለካው ማለት ነው።

በቅርቡ አንዱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ስፕሪንግፊልድ 1903 ነው። ሲፈጠር የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ነበር። በኋላ ግሪፊን ኤንድ ሃው፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ኒውዮርክ ውስጥ የተከፈተው ቤት፣ ፈታቶ የአደን ጠመንጃ አደረገው። ጠመንጃውን ከገዛ በኋላ ለሱ የሚሆን አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ መነጽር ሲያፈላልግ አራት ዓመት ፈጀ።

«አዲስ ብታዝ በሁለት ቀን በርህ ላይ ነው፤ ምን አስለፋህ?» አልኩት።

«በጥለት ኩታ ላይ ጃኬት ትደርባለህ?» አለኝ።

በመጨረሻ ያገኘው ላይማን አላስካን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣ፣ ቀጭን፣ ሁለት ተኩል እጥፍ ብቻ የሚያጎላ። የዚያ ዘመን መነጽር ለዛሬ ተኳሽ ያስቃል። ከጀርመኖቹ ብዙዎቹ በራሳቸው የሚስተካከሉት ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው። ግራ ቀኙን የሚያስተካክሉት ከማሰሪያው ብረት ላይ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ሲያስተካክሉት ደግሞ የማነጣጠሪያው መስመር ከመሃል ሸሸት ይላል። ሰብሳቢዎቹ ይህንኑ ጉድለት ይወዱታል። የሚያበሳጫቸው በኋላ የመጣ ሰው የበሳው ቀዳዳ ነው። አንዲት ያለቦታዋ የተበሳች የብሎን ቀዳዳ የጠመንጃውን ዋጋ ቁልቁል ትሰደዋለች።

ይህን ሲያወራኝ ሆዴ ባባ። የኛ ቤት ውጅግራ ትዝ አለኝ።

ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» የሚሉትን ነው። የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጎራሽ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ ይሆናል፤ ክብደቱ ከአራት ኪሎ ያልፋል። በግራ ጎኑ ብረቱ ላይ ሴንት ኤቲየን የሚባለው የፈረንሳይ ከተማ ስም ተቀርጿል። ማንበብ ሳልችል በፊት ጽሑፉን በጣቴ ነበር የማውቀው። ቅድመ አያቴ ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ሰገሌ ይዞት ዘምቷል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ማን ይጠይቃል፤ በኛ ቤት ሰገሌ ያልዘመተ ነገር የለም።

የሰደፉ አንገት ተሰንጥቆ ነበር። አያቴ ስንጥቁን በመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ፣ በላዩ ላይ እርጥብ ቆዳ ሰፋበት። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቆዳው የእጁን ወዝ ጠጥቶ ጠቆረ። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር ነበር። ልጅ ሆኜ ጣቴን እዚያ አሳርፍ ነበር፤ ሰፍቶኝ።

ታናሽ አጎቴ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ለሠርግ ብሎ «አደሰው»። ቆዳውን ቀደደ። ሽቦውን ፈታ። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ በኮላ አጣብቆ፣ ቫርኒሽ ቀባው። አሁን እንደ ሳሎን ቡፌ ያበራል።

ለአክስቴ ልጅ ነገርኩትና ሳቀብኝ። «ያንተ ግሪፊን ኤንድ ሃው ራሱ የጦር ጠመንጃ ፈታቶ አይደል የሠራው? አጎታችን በምን ተለየ?» ብዬ ሞገትኩት። ጥሩ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አልተቸገረም። «ኒውዮርክ ያለው ሰውዬ የራሱን እጅ ጨመረበት። አጎታችን የአያታችንን እጅ ነው ያነሳው» አለኝ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ወሎ ውስጥ የጠመንጃ ባለሙያ ቤት አልነበረንም። የኛ ባለሙያ ባለቤቱ ነበር። ሽቦው፣ ቆዳው፣ ሰደፉ ላይ የተመታው የነሐስ ምስማር፣ የተጠለፈው ማንገቻ፣ በልክ የተሠራው ጠመንጃችን እሱ ነው። ባዶው ውጅግራማ ፈረንሳይ አገርም ሞልቷል። ሰው ግን ውጅግራውን አክብሮ ሽቦውን ይጥላል። ሽቦው ድህነት ይመስለዋል።

ጠመንጃ ወሎ ላይ ቃል ሆኖ ሁሉ ቀርቷል። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ሥር እሮጌ ላይ የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ስናይደር ነበር፤ እኛ ሰናድር አልነው። ሴባስቶፖል ዛሬም አምባው ላይ ተጋድሟል፤ ከክብደቱ የተነሳ የሚያነሳው ጠፍቶ። የሚነሳው ግን ይነሳል። የደሴው ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ከዚያ በኋላ የቀረን በየቤቱ፣ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው ነው።

መሣሪያ ገዝታችሁ ሰብስቡ እያልኩ አይደለም። የመሣሪያ ንግድ ምን እያደረገን እንደሆነ ወሎ ለሚኖር ሰው አይነገረውም። የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ፈቃድ ይኑራችሁ ይላል፤ ይኑረን። ግን መሣሪያ ሲመዘገብ የሚጻፈው እንደ ቁጥሩና ዓይነቱ ያለው ነው። ጥይቱ ከገበያ ለጠፋ አንድ ጎራሽ ሌላ አንድ ገጽ ቢጨመርለት ምን አለበት? ማን ያዘው፣ የት ተሰነጠቀ፣ በማን እጅ ተጠገነ። የባህል ቢሮ አንድ ልጅ ከካሜራ ጋር ይላክ። ሽማግሌዎቹ ሳሉ። ጠመንጃውን አይውሰድ፤ ፎቶ አንስቶ፣ ወሬውን ቀድቶ ይመለስ።

ለፋሲካ ደሴ ስሄድ አጎቴን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ያ ሽቦ የት ገባ?»

«የቱ ሽቦ?»

«የውጅግራው።»

አሰበ አሰበና በአገጩ ወደ ጓሮ አመለከተኝ። የዶሮ ቤቱ በር የታሰረበት ነው። ፈትቼ በሲባጎ ተካሁለት። ብዙ ስለተጠመጠመ አሁንም ቀጥ አይልም፤ የሰደፉን አንገት ክብ እንደያዘ ነው።