ክቡር ኢንስቶል አድራጊ ሆይ፣ እጅዎ ይባረክ

ዛሬ የማመሰግናቸው ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም። በየቢሮው፣ በየላፕቶፑ ፊት ስላሉ አንዱን ብጠራ ማዳላት ይሆንብኛል። ሥራቸው ዌብሳይት መሥራት ነው ይባላል። ጠጋ ብዬ ሳያቸው ግን ሥራቸው ኢንስቶል ማድረግ ነው። ኮድ ሲጽፉ እምብዛም አይታዩም። ለምንስ ይጽፋሉ? ሌላ ሰው ጽፎታል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉ አባቶች፣ ሌሎች የጻፉት ኮድ «ፓኬጅ» ተብሎ የሚወርድበትን ኤንፒኤምን ስላላዩ አይፈረድባቸውም።

እስቲ ሲሠሩ እንያቸው። ደንበኛው የጠየቃቸው አንድ ገጽ ነው። ብዙ ፎቶ፣ ከሥሩ ሲጫኗቸው የሚከፈቱ ጥያቄና መልሶች፣ መጨረሻ ላይ ቀን የሚመረጥበት ፎርም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላው ችኩል ወዲያው ገጹን መጻፍ ይጀምር ነበር። ክቡርነታቸው ግን የሰከኑ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ተርሚናልን ከፈቱ።

ለሚከፈቱት ጥያቄዎች አንድ ፓኬጅ አወረዱ። የገጽ መዋቅር በሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ውስጥ ዲቴይልስ የሚባል ታግ (ምልክት) አለ። ገጽን የሚያንቀሳቅሰው ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ አንዲት መስመር ሳይጻፍበት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በኪቦርድም ይታዘዛል። ግን ብራውዘሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ነገር ምን ክብር አለው? ለፎቶዎቹም ሌላ ፓኬጅ፤ ተጠቃሚው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ። ኢሜጅ ታጉ ላይ «ሎዲንግ» ብሎ «ሌዚ» ብሎ መሙላት ይበቃ ነበር። ስንፍናን የሚጠራ ቃል ኮዳቸው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቀው ይሆናል። ለቀኑም ሦስተኛ ፓኬጅ። ኢንፑቱን «ዴት» ቢሉት ስልኩ ራሱ ሰው የለመደውን የቀን መምረጫ ያወጣለት ነበር። እርግጥ ነው፣ የዚያን መምረጫ መልክ እንደልብ ማስዋብ አይቻልም። ዲዛይነሩ እንቢ ካለ ፓኬጁ ይገባኛል። ክቡርነታቸው ግን ዲዛይነሩን አልጠየቁም። ማን ጊዜ አለው?

ሦስት ፓኬጅ አዘው፣ የወረደው ሁሉ የሚከማችበት ኖድ ሞጁልስ የሚባለው ፎልደር ሲከፈት ግን ሠርግ ቤት ይመስላል። አንዱ ፓኬጅ በሌላው ስለሚደገፍ አንድ የተጠራ እንግዳ አጎቱን ይዞ መጥቷል፣ አጎቱ ጎረቤቱን፣ ጎረቤቱ ደግሞ ማንም የማያውቀውን ሰው። ክቡርነታቸው ማንንም አላባረሩም። «ኤንፒኤም ኤክስፕሌይን» ብለው የፓኬጁን ስም ቢጽፉ ማን ይዞት እንደመጣ ይነግራቸው ነበር። እንግዳን «ማን አመጣህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው።

ከእንግዶቹ መካከል በተለይ የማደንቀው አለ። ኢዝ ኢቭን ይባላል። የሕይወቱ ዓላማ አንድ ቁጥር ተጋማሽ መሆኑን መናገር ነው። እንዴት ያውቃል? ራሱ አይደክምም። ኢዝ ኦድ የሚባለውን ሌላ ፓኬጅ ይጠይቃል። ኢዝ ኦድ «ኢተጋማሽ ነው» ካለ እሱ «እንግዲያው ተጋማሽ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ኢዝ ኦድም በተራው የቀረበለት ነገር ቁጥር መሆን አለመሆኑን ኢዝ ነምበርን ይጠይቃል። ለ2 አካፍሎ ቀሪውን ማየትን የሚያህል ከባድ ነገር አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሸከመው ለሦስት ተካፈሉት። ይህን መተባበር ያላደነቀ ምን ሊያደንቅ ነው?

አንዳንድ ምቀኛ ታሪክ ያነሳል። በፈረንጆቹ መጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የሚባል ፓኬጅ ነበር። ሥራው ከአንድ ጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ ወይም ዜሮ እየጨመረ ርዝመቱን መሙላት ነው። በጠቅላላ 11 መስመር። ጸሐፊው በሌላ ፓኬጁ ስም ላይ በተነሳ ክርክር ተናደደና ሥራዎቹን በሙሉ ከኤንፒኤም ነቀለ። ወዲያው በሌፍት ፓድ የተደገፉ፣ አዲስ ጃቫስክሪፕትን ለአሮጌ ብራውዘር የሚተረጉመውን ባቤልን የመሰሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሳይቀሩ መገንባት አቃታቸው። የዓለም ዴቨሎፐር 11 መስመር አጥቶ እሪ አለ። ኤንፒኤም ፓኬጁን በሰዓታት ውስጥ መለሰው። በማግስቱ ዓመት ጃቫስክሪፕት ራሱ ያንኑ ሥራ የሚሠራ «ፓድስታርት» የሚል የራሱ ዘዴ ተጨመረለት። ታዲያ ክቡርነታቸው ዛሬም ሌፍት ፓድን ያወርዳሉ። ታማኝነት ማለት ይህ ነው። ክፉ ቀን ያየ ወዳጅ አይከዳም።

በፈረንጆቹ 2018 ደግሞ ኢቨንት ስትሪም የሚባል ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፓኬጅ ነበር። ባለቤቱ ሰለቸው። አንድ የማያውቀው ሰው «እኔ ልያዝልህ» አለው፤ ሰጠው። አዲሱ ባለአደራ በሌላ ትንሽ ፓኬጅ በኩል የቢትኮይን ቦርሳ የሚዘርፍ ኮድ አስገባ። ምቀኞች ይህን ይዘው «የምታወርደውን እወቅ፣ ማን እንደሚጠብቀው እይ፣ መቼ እንደታደሰ እይ» ይላሉ። ክቡርነታቸው ግን ሰውን ያምናሉ። በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው ኮድ በደንበኛቸው ገጽ ላይ ሲያሠሩ ዓይናቸውን አያሹም።

ኢንስቶሉ ሲያልቅ ተርሚናሉ በቀይና በቢጫ ይጮሃል። «ይህን ያህል የደህንነት ቀዳዳ አለብህ» ይላል። ክቡርነታቸው ጽሑፉን አያነቡም። ቀለሙን ብቻ ያያሉ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን እንዲደፍንላቸው «ኦዲት ፊክስ» ይሉና መጨረሻው ላይ «ፎርስ» ይጨምራሉ። ፎርስ ማለት «ሌላው ቢሰበርም ግድ የለኝም፣ ቀይዋን አጥፋልኝ» ማለት ነው። ፓኬጆቹ ዋና ቨርዥናቸው ተቀይሮ ይመጣሉ። ትናንት ይሠራ የነበረው ሜኑ ዛሬ አይከፈትም። ቀዩ ግን ጠፍቷል። ሰላም ሰፍኗል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥበባቸው እንምጣ። ሎክ ፋይሉን ያጠፉታል። እያንዳንዱ ፓኬጅ በየትኛው ቨርዥን እንደገባ የተመዘገበው እሱ ላይ ነው። የፕሮጀክቱ ፓኬጆች በሚዘረዘሩበት ፋይል፣ ፓኬጅ ጄሰን ላይ፣ ከቨርዥን ቁጥሩ በፊት ያለችው ባርኔጣ መሳይ ምልክት «ዋናው ቁጥር እስካልተቀየረ ድረስ አዲሱን አምጣ» ትላለች። እንግዲህ ሎክ ፋይሉ ሲጠፋ ዛሬ የሚገባው ፓኬጅ ትናንት ከገባው ሊለይ ይችላል። የሥራ ባልደረባቸው ያው ኮድ አይሠራለትም፣ ሰርቨሩም እንዲሁ። ሲጠሩ ግን መልሳቸው ዝግጁ ነው፦ «እኔ ጋ ይሠራል።» ይህችን ቃል ስንቱ ኢንጂነር ተናግሯታል፣ እንደ እሳቸው ረጋ ብሎ፣ ሻይውን ፉት እያለ የተናገራት ግን የለም። በነገራችን ላይ «ኤንፒኤም ሲአይ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ፎልደሩን አጽድቶ ሎክ ፋይሉ ላይ ያለውን ብቻ ልክ እንደተጻፈው ያስገባል፤ ሁለቱ ፋይሎች ካልተስማሙ ደግሞ አልሠራም ብሎ ይቆማል። ክቡርነታቸው እንቢ የሚላቸውን ነገር አይወዱም።

ገጹ ተሠርቶ ሲያልቅ የእሳቸው ላፕቶፕ ላይ እንደ መብረቅ ነው። ደንበኛው ስልክ ላይ ግን ነጭ ሆኖ ይቆያል፤ አሁንም ነጭ ነው፤ ቆይቶ አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች። እሷም ፓኬጅ ነች። ብራውዘሩ ውስጥ ኔትወርክ የሚል ትር አለ፣ ኢንተርኔቱን ሆን ብሎ አዝግሞ የተጠቃሚውን መከራ የሚያሳይ። ክሮም ላይ ደግሞ ከቨሬጅ የሚባል አለ፤ ከወረደው ኮድ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው በከንቱ እንደመጣ በቀለም ለይቶ ያወጣል። ክቡርነታቸው እነዚህ ሁሉ ያሉበትን ዴቭቱልስን የሚከፍቱት በስህተት ነው፣ ኤፍ 12ን ሲነኩ። ወዲያው ይዘጉታል። የሰው ገመና ማየት አይወዱም፤ በተለይ የራሳቸውን።

ደንበኛው «ለምን ቀርፋፋ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ መፍትሔ አላጡም። ፍጥነት የሚጨምር ፓኬጅ ፈልገው አስገቡ። አንድ ወዳጃቸው ደግሞ «ዴፕቼክ የሚባል አለ፤ ፕሮጀክትህ ውስጥ ማንም የማይጠቀምባቸውን ፓኬጆች ለቅሞ ይነግርሃል» አላቸው። በጣም ደስ አላቸው። ያን ዕለቱን አወረዱት። እስካሁን ግን አንድ ቀንም አላስነሱትም፤ የማይጠቀሙባቸው ፓኬጆች ቁጥር በአንድ ጨምሯል።