ለሁለተኛው ረድፍ አጥቂ የቀረበ ምስጋና

እኛ ሰው የምናመሰግነው ሲሞት ነው ይባላል። ዛሬ ግን በቁሙ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅዳሜና እሁድ በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። በአንድ ማኪያቶ ሁለት ጨዋታ ያያል። አጥቂው ከአምስት ሜትር ኳሷን ወደ ሰማይ ሲልካት ብድግ ይልና «ይቺንማ እኔም አገባታለሁ!» ይላል። ለምን አናምነውም? እስከ ዛሬ አንድም ኳስ ስቶ አያውቅም። ሞክሮ ስለማያውቅ ሪከርዱ ንጹህ ነው።

ደግሞ ሁሉንም ተጫዋች በጅምላ አይሳደብም። ለበረኛ ያዝናል። ለተከላካይ ይራራል። ዋናውን ስድብ የሚያስቀምጠው ክለብ ለሚቀያይር አጥቂ ነው። ሁለት ዓመት እዚህ፣ ስድስት ወር በውሰት እዚያ፣ ከዚያ ደግሞ ስሟ ለመጥራት በሚያስቸግር ከተማ የአንድ ዓመት ውል የሚፈርመውን ማለቴ ነው። ወዳጃችን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ያወጣለት ስም «ገንዘብ አሳዳጅ» ነው።

ፈረንሳዊውን አጥቂ ኒኮላ አኔልካን እንውሰድ። ወዳጃችን የአርሰናል ደጋፊ ከሆነ ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ወዳጃችንም ጥቅምት የሚገባው ኦክቶበር ሲሉት ነው።) የአርሰናሉ አሰልጣኝ ቬንገር በ1997 ልጁን ከፓሪስ ሲያመጣው ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፈለ። በ1998 አርሰናል ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም በላ፤ በፍጻሜው ኒውካስል ላይ ሁለተኛዋን ያገባው አኔልካ ነው። በ1999 ሪያል ማድሪድ ከ22 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ወሰደው። በዚያ ብር ክለቡ የልምምድ ማዕከል ገነባ። ቲየሪ ሄንሪም በዚያው ክረምት መጣ።

ወዳጃችን ሄንሪን ያመልካል። ልጁን ሄንሪ ሊለው ፈልጎ ያስቆመችው ሚስቱ ናት። አኔልካን ግን እስከ ዛሬ ይረግማል። ከሀዲ ነዋ! የ20 ዓመት ልጅ ሪያል ማድሪድ ሲጠራው «አይ፣ መርካቶ ላለው ደጋፊዬ ስል እቀራለሁ» ማለት ነበረበት።

ማድሪድ ውስጥስ ምን ሰራ? በ2000 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ባየርን ሙኒክ ላይ በሁለቱም ጨዋታ አገባ። ዋንጫውንም በላ። ወዳጃችን ይህን አያስታውስም። የሚያስታውሰው አኩርፎ ልምምድ አልሰራም በማለቱ ክለቡ ለ45 ቀን ማገዱን ነው። ቀኗን እንኳን አይስታትም።

ከዚያ በኋላ ሻንጣው አልተፈታም። ፓሪስ ተመለሰ፣ ወደ ሊቨርፑል በውሰት ሄደ፣ ከዚያ ማንችስተር ሲቲ፣ ፌነርባቼ፣ ቦልተን፣ ቼልሲ፣ ሻንጋይ፣ ጁቬንቱስ፣ ዌስት ብሮም፣ በመጨረሻም ሙምባይ። በ2008 የሞስኮው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የወዳጃችን የፍርድ ችሎታ ጎልቶ የታየበት ነው። ዝናብ ነበር። ጆን ቴሪ ተንሸራቶ ሪጎሬውን ቋሚ መለሰበት። ወዳጃችን ራሱን ይዞ «ምስኪን! ሜዳው እኮ ረጥቧል» አለ። ትንሽ ቆይቶ አኔልካ መጣ። የማንችስተር ዩናይትዱ በረኛ ቫን ደር ሳር አዳነበት። «ድሮስ ልቡ መች እዚህ ነበር!» አለ ወዳጃችን። ያው ዝናብ፣ ያው ሳር። ግን ቴሪ በቼልሲ ያደገ ልጅ ስለሆነ ዝናቡ ለእሱ ብቻ ነው የዘነበው። በቀጣዩ የውድድር ዘመን አኔልካ 19 ጎል አግብቶ የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ይህንን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ብታነሱት «በፔፕ ጊዜ ቢሆን አያገባም ነበር» ትባላላችሁ። አሰልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው አትበሉ። አይጠየቅም።

ኡራጓያዊው ሰባስቲያን አብሬዩ ደግሞ አለ። «እብዱ» ይሉታል። በ2017 ወደ ቺሊው አውዳክስ ኢታሊያኖ ሲፈርም 26ኛ ክለቡ ሆነና ጊነስ መዘገበው። በዚህም አላቆመም። ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ያዝንለታል፤ «ማንም ያልፈለገው ሰው» ይለዋል። ሃያ ስድስት ክለብ ውል ያስፈረመውን ሰው ማንም አልፈለገውም! ይኸው ያልተፈለገ ሰው በ2010 የዓለም ዋንጫ ጆሃንስበርግ ላይ ጋናን ያሰናበተችውን የመጨረሻዋን ምት በሩጫ መጥቶ መሀል ለመሀል ቀስ አድርጎ ጫራት። ያን ቀን ዲኤስቲቪ ቤቱ በሙሉ አፍሪካዊ ሆኖ አልቅሷል። ጥፋቱ ግን በአብሬዩ ላይ አልወደቀም። የጋናው አጥቂ ጂያን ላይ ወደቀ። አግዳሚውን የመታትን ሪጎሬ ወዳጃችን ያገባት ነበር።

እንደዚሁ በ2013 የሳላዲን ሰኢድንም ያገባት ነበር። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብታለች። ኔልስፕሬት ላይ ሻምፒዮኗን ዛምቢያን ገጥመናል። ሳላዲን ሪጎሬ መታ፤ በረኛው ምዊኔ አዳነበት። በዚያች ደቂቃ አገሩ በሙሉ አጥቂ ሆነ። ታክሲ ረዳቱ ያገባት ነበር፣ ጎረቤቴ ያገባት ነበር፣ ኳስ አይተው የማያውቁ እትዬ እንኳን «በግራ በኩል ቢላት ምን ነበር?» ብለዋል። ወደዚያ ውድድር ካደረሱን ጎሎች አንዷን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳን ላይ፣ ያገባው ይኸው ሳላዲን መሆኑን ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ለነገሩ እሱም ግብጽ፣ ቤልጂየም፣ አልጄሪያ እያለ የዞረ ነው። ገንዘብ አሳዳጅ።

ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ በ2019 የአገራችን ተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን ወዳጃችን በጣም ተናዶ ነበር። «ሃምሳ ሺህ! በምን ስራው?» ብሎ። የአንድ የውድድር ዘመን ውል ይዞ፣ ደሞዙ አንዳንዴ ለወራት የሚዘገይበት፣ ጉልበቱ አንዴ ከተጎዳ ስልኩ የማይጮህለት አጥቂ ማለት ነው። የእንግሊዙን አጥቂ የሳምንት ክፍያ ሲሰማ ግን ወዳጃችን ደረቱን ይነፋል። ለእሱ የተከፈለው ይመስለዋል።

ስለ ወዳጃችን የስራ ታማኝነት ደግሞ ምስክር መሆን እችላለሁ። የመጀመሪያ መስሪያ ቤቱን በትንሽ ጭማሪ ለቀቀ። ሁለተኛውን ሰርቪስ ስለሌለው ተወው። ከሶስተኛው ከአለቃው ጋር ተኳርፎ ወጣ፤ እሱ ግን ከአኔልካ ጋር አይገናኝም፤ አለቃው ነው ጥፋተኛው። አሁን የዱባይ ቪዛ ይጠብቃል። «ደህና ነገር ከተገኘ ምን አስቀመጠኝ?» ይላል። እውነቱን ነው። ሲቪው ላይ ይህ ሁሉ «ልምድ» በሚለው ስር ተደርድሯል፣ በጣም ያምራል።

ዱባይ ሲባል የአዳማው ልጅ ፍቅሩ ተፈራ ትዝ አለኝ። ከአዳማ ወደ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ኦርላንዶ ፓይሬትስና ሱፐርስፖርት፣ ከዚያ ቼክ፣ ቬትናምም ሳይቀር። በ2014 ኦክቶበር 12 የህንድ ሱፐር ሊግ ኮልካታ ላይ ሲከፈት፣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረው ፍቅሩ ነው። ቡድኑ ሙምባይን 3 ለ 0 አሸነፈ። ልጁ አየር ላይ ተገለባብጦ ጨፈረ። የሙምባይ ትልቁ ስም አኔልካ ነበር፤ ከእንግሊዝ ይዞት የመጣውን ቅጣት ስላልጨረሰ አልተሰለፈም። በሌላ አነጋገር፣ ሁለት ሻንጣ ተሸካሚዎች አንድ ጨዋታ ላይ ሊገናኙ ነበር፤ የአዳማው ቀደመው።

ያ እሁድ የአገራት ጨዋታ ሳምንት ስለነበር ፕሪሚየር ሊግ አልነበረም። ማለትም ወዳጃችን ስራ ፈት ነበር፤ ፍቅሩን ለማየት የሚከለክለው ነገር አልነበረም። በቀደም ጠየቅኩት። «የቱ ፍቅሩ?» አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ህንድ? ለብር ነው የሄደው» አለኝ። ይሄንን ያህል ርቆ ማየት የሚችል ሰው በእውነት ሊመሰገን ይገባል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቤቲንግ ቤት ተሰልፎ አገኘሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት በውሰት ስለመጣ አንድ አጥቂ ሲያወራ ነበር፤ አምስተኛ ክለቡ ነው፣ እንጨት ነው፣ ገንዘብ አሳዳጅ ነው እያለ። ተራው ሲደርስ ትኬቱን በትከሻው በላይ አሻግሬ አየሁት። በዚያው እንጨት ስም፣ «በማንኛውም ደቂቃ ያገባል» በሚለው ላይ፣ 200 ብር አስይዟል።