ማንጎው ዓባይን ሳይሻገር እንዳይበስል

በማንጎ ወራት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ዙሪያ ሻጮች ጠንካራውን ከላይ ይደረድራሉ፤ የለሰለሰውን በሳፋ ለብቻው ያኖራሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሳፋው ከመደቡ ይበልጣል፤ እሱም ለጭማቂ ቤት በተገኘው ዋጋ ይሄዳል። በኢሱዙ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ደግሞ በሸራ ታፍኖ ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። መንገድ የተዘጋ ዕለት መኪናው ላይ እንዳለ ይበስላል።

ለዚህ መላ አለ፤ የሚበላ ሽፋን ይሉታል። ከሰም፣ ከስታርች ወይም ከሙጫ ተሠርቶ ፍሬው ላይ የሚቀባ ስስ ልባስ ነው። የፍሬው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ይከለክላል፤ የአየሩን ምልልስ ስለሚገታም መብሰሉን ያዘገያል። ከወፈረ ግን ፍሬው ታፍኖ አልኮል አልኮል ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቀመሩ አይደለም፤ ብዛቱ ነው። በቤተ ሙከራ ሃያ ማንጎ ነክሮ ቀን መቁጠርና በቀን መቶ ኩንታል መቀባት ለየቅል ናቸው። ሰምና ውሃ አይስማሙም፤ ሰሙ ቀልጦ፣ ከሙቅ ውሃና ከማዋሃጃ ጋር በኃይል ተመትቶ ወተት መምሰል አለበት። በብርጭቆ የተዋሃደው ድብልቅ በርሜል ውስጥ ሲገባ ሰሙ እንደ ቅቤ ከላይ ይንሳፈፋል። ፍሬውም መታጠብ፣ ከተቀባ በኋላ በማራገቢያ መድረቅ ይፈልጋል። ይህን ገበሬው ጓሮ ውስጥ አይሠራውም። ስለዚህ የቅቡን ዱቄት በከረጢት ለገበሬ እንሽጥ የሚለው ሐሳብ አይዋጥልኝም። ቅቡ ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይመረት፤ ቀቢዎቹ ዩኒየኖች ይሁኑ፤ አንዱ ጣቢያ ለጃቢ ጠህናን ማንጎ፣ ሌላው መራዊ ላይ ለቆጋ አቮካዶ።

ጥሬ ዕቃውስ? በውጭ አገር ከሚሠራባቸው አንዱ ካይቶሳን ነው፤ በብዛት የሚወጣው ሽሪምፕ ከሚባል የባሕር እንስሳ ቅርፊት ነው። ዶላሩን እንተወውና፣ በዐቢይ ጾም ማንጎ የሚገዛ ሰው «ምን ቀባችሁት?» ሲል መልሱ ምን ሊሆን ነው? ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ ጎጃም ውስጥም ሰም (የቅኔውን ማለቴ አይደለም) ከጧፍ ሠሪው ተርፎ ይገኛል። ከጠጅ ቤት የሚወጣው ሰፈፍ ተለቅሞ ቢጣራ ለሙከራ ምርት መነሻ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። ማንጎ በዱላ እየተመታ በሚወርድበት ማሳ ቅቡ ከንቱ ነው፤ የቆሰለ ፍሬ ላይ የተቀባ ሰም ቁስሉን ከነሻጋታው ይዞት ይጓዛል። ለመቀቢያው ማሽን ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ጫፉ ላይ ከረጢት ያለው መልቀሚያ ዘንግ ለገበሬው ይድረሰው።