ተመስገን ማለትን ከእናቴ ነው የተማርኩት
ስለ ምስጋና የጻፉትን አነበብኩት፤ እጅዎ ይባረክ። ለማመስገን ትልቅ ነገር አንጠብቅ ማለትዎ ልቤን ነክቶታል።

እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። እናቴ የ1977ቱን ድርቅ አይታለች። ዛሬም ከመሶቡ ዳር ቁራሽ እንጀራ ከወደቀ አንስታ ትስመዋለች። ቡና ሲፈላ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ዱዓ ታደርጋለች፣ እናቴ ደግሞ መስቀሏን አንገቷ ላይ እንዳሰረች «አሚን» ትላለች። ወሎ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ከምንም በላይ የናፈቀኝ ያ ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የተራበን ሰው «አመስግን» ብሎ መምከር አይሆንልኝም። መጀመሪያ ማዕድ እናካፍለው።

አሁን ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ወርውረው ቤቱን በጩኸት ይሞሉታል። ተመስገን ነው የምለው፤ ይጩኹልኝ!